ዝናብ ያላየ ዳኛ፦ ለደሴ ቤቶች ነጥብ ለሰጠው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን በደሴ ልጆች መካከል ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የከረመ አንድ ጽሑፍ አለ። ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው በጥር ወር፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከፒያሳ ተነስቶ ሰፈር ለሰፈር በእግሩ ዞሯል። 20 ቤቶችን መርጦ የውጭ ገጽታቸውን ከ10 ነጥብ ሰጥቷቸዋል። ቀጥሎ ከተማዋ እንድታምር መደረግ አለበት ያለውን አስቀምጧል። የጭቃ ቤት በሲሚንቶ ይለሰን። የዛገ ቆርቆሮ ይውረድና በባለቀለም ይተካ። የድንጋይ ካብ ይሸፈን። ባለ እንጨት ሰገነት የሆኑት የድሮ ቤቶች ሴራሚክ ይልበሱ። ሰፈሩ በሙሉ አንድ ዓይነት ቀለም ይቀባ። አዲስ የሚሠራ ሁሉ ደግሞ፣ ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ፊቱ መስታወት ይሁን። ይህ ሁሉ እስካሁን ያልሆነበትን ምክንያትም ነግሮናል፦ «ሰዉ ለቤቱ ግድ የለውም»።

በጽሑፉ ቁጥር 11 ሆና 2 ነጥብ ያገኘችው ቤት የአክስቴ ቤት ናት። ሰፈሩን መጥራት አያስፈልግም፤ የሚያውቃት ያውቃታል። «ልትፈርስ የደረሰች የጭቃ ቤት» ተብላለች። እኔ ያንን ግድግዳ በእጄ አውቀዋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ጭቃውን ረግጫለሁ፣ መርጌዋለሁ። ይህን የምጽፈው ግን ነጥቡ ስላነሰ አይደለም። ምክሩን አምኖ የሚተገብር ሰው ቤቱን ሊያጣ ይችላል ብዬ ስለፈራሁ ነው።

ከወሩ ልጀምር። ጥር ደሴ ላይ ሰማዩ የጠራ፣ መሬቱ የደረቀ፣ ድንኳን በየበሩ የሚተከልበት የሠርግ ወር ነው። ጥር ላይ ሁሉም ቤት ደህና ይመስላል። የእኛ ቤት የሚፈተነው በዝናብ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ናት። በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። እሱም በአንድ ወቅት አያበቃም። በልጉ ከየካቲት ጀምሮ ይመጣል፤ ከዚያ ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ይከተላል። ግድግዳው ከአንዱ ሳያገግም ሌላው ይደርስበታል። ጉሙም አለ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያስወጣውን ሐረጎን በነሐሴ የወጣ ሰው ያውቀዋል።

ስለዚህ አንድን ቤት ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ውሃውን ምን ያደርገዋል ብዬ ነው። ጣሪያው ከግድግዳው ምን ያህል ወጣ ብሏል? ጠፈጠፉ የት ያርፋል? ግድግዳው በድንጋይ ከፍ ብሏል ወይስ አፈሩ ላይ ተቀምጧል? ከጓሮ የሚወርደው ጎርፍ በየት በኩል ያልፋል? ወንድማችን ከ20ዎቹ ቤቶች አንዱንም በዚህ ዓይን አላየም። ያየው ቀለም፣ በርና አጥር ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። «የጭቃ ቤት በሲሚንቶ ይለሰን» ይላል። ከምክሮቹ ሁሉ በጣም ያሳሰበኝ ይህ ነው።

የጭቃ ቤት ማለት አፈር የተለጠፈበት እንጨት ማለት አይደለም። ቋሚው ይተከላል፤ አቅም ላለው ጽድ፣ ለሌላው ባሕር ዛፍ። ማገሩ ይመታል። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ይቦካል፤ ተሸፍኖ ይሰነብታል፤ እየተረገጠ ይገላበጣል። ጭዱ ልስልስ ብሎ ሽታው ሲለወጥ ያኔ ደረሰ ይባላል። መጀመሪያ ምርጊቱ ይገባል። ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ መሰንጠቅም አለበት። ቀጭኑ ልስን የሚይዘው በዚያ ስንጥቅ ነው። እንዲህ የተሠራ ግድግዳ እርጥበት ይጠጣል፤ ፀሐይ ስትወጣ መልሶ ይለቀዋል። ሲረጥብ ትንሽ ያብጣል፤ ሲደርቅ ትንሽ ይሰበሰባል። ውስጡ ያለው እንጨትም አብሮት ይንቀሳቀሳል።

ሲሚንቶ ይህን አይችልም። ግትር ነው። ከጭቃው ጋር አያብጥም፣ አይሰበሰብም። ስለዚህ ውሎ አድሮ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ያወጣል። በዚያች ስንጥቅ ውሃ ይገባል፤ የገባው ውሃ ግን እንደ ልብ መውጣት አይችልም። ከመሬት ወደ ላይ የሚሳበው እርጥበትም እዚያው ታፍኖ ይቀራል። ጭቃው ከውስጥ ይላላል። እንጨቱ ይበሰብሳል። ከውጭ ሲታይ ቤቱ አምሮበታል።

ይህን የተማርኩት ከቤታችን ነው። እህቴ ልትዳር ስትል ወላጆቼ ቤቱን በሲሚንቶ አስለሰኑት። ግድግዳው ላይ የዶሮ ሽቦ ተወጠረ፤ በሚስማር ተያዘ፤ ሲሚንቶው ተመታበት፤ ከላይ ክሬም ቀለም ተቀባ። ሥራው ያለቀ ዕለት እናቴ ከግቢው በር ቆማ ዝም ብላ ታየው ነበር። ደስ ብሏት ነበር። እኛም ኮርተናል። ወንድማችን ያን ዓመት በደጃችን ቢያልፍ 8 የሚሰጠን ይመስለኛል።

ሦስት ክረምት አለፈ። በአራተኛው፣ ነሐሴ ላይ፣ አባቴ ከአልጋው ራስጌ ያለውን ግድግዳ በጣቱ ቋ ቋ ሲያደርገው የባዶ እንስራ ድምፅ ሰጠ። ወደ ውጭ ወጥተን እያንኳኳን ሄድን። እስከ መስኮቱ ድረስ ያው ነው። ግንበኛ ተጠራ። በመሮ ጫፍ ስንጥቁን ፈልቀቅ ሲያደርገው የበር ስፋት ያለው ልስን ከነሽቦው ተገንጥሎ ወደቀ። ሽቦው ዝጎ ቀልቷል። ከኋላው ያለው ጭቃ ገንፎ ሆኗል። አባቴ እጁን አስገብቶ ቋሚውን ያዘ። ከመሬት እስከ አንድ ክንድ ያለው እንጨት በጣቶቹ መሐል እየተፈረፈረ ረገፈ። እኛ ልጆቹ ጭንቅላታችንን አስደግፈን የምንተኛው እዚያ ግድግዳ ሥር ነበር። ያን ሌሊት ሁላችንም ጎረቤት አደርን። በማግሥቱ ቤቱ በባሕር ዛፍ ድጋፍ ቆመ፤ ያ ጎን ሙሉ በሙሉ ፈርሶ እንደገና ተሠራ።

የአክስቴ ቤት ከእኛው ጋር በአንድ ሰሞን የተሠራ ነው። አፈሩም አንድ ነው። ሲሚንቶ ግን ነክቶት አያውቅም። የመስከረም ዝናብ ሲያባራ፣ በየሁለት ዓመቱ ጥቅምት ላይ፣ የተላጠው ይለሰናል። አንድ ቀን ተኩል ቢፈጅ ነው። ጎረቤት ይሰበሰባል። ወንዶቹ ይረግጣሉ፣ ሴቶቹ በእጃቸው ያለሰልሳሉ፤ ከአቦል እስከ በረካ ቡናው አይቋረጥም። የዚያች ቤት ቋሚዎች እግራቸው ዛሬም ደረቅ ነው። ባለፈው ጥቅምት በቢላ ጫፍ ወግቼ አይቼዋለሁ።

ወንድማችን «ልትፈርስ የደረሰች» ያላት ግድግዳዋ ተላጦ ስላየ ነው። የጭቃ ልስን እኮ የሚለሰነው እንዲላጥ ነው። ዝናቡን እሱ ይቀበላል፣ ምርጊቱና እንጨቱ ይተርፋሉ። ቤቱ ነጭ እንዲሆን የፈለገ ሰው ኖራ አለለት። ኖራ እርጥበቱን አያፍንም፤ ከጭቃ ጋር ይስማማል። ሲሚንቶ የገዛ ሰው ደግሞ ቤቱን ዙሪያውን ቦይ ያውጣበት። የብሎኬት ቤት ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ በሲሚንቶ ይለሰን፣ ተገቢው ነው። ጽሑፉ ሁለቱን አልለየም።

ቀጥሎ ያነሳው ካቡን ነው። ደሴ ተዳፋት ናት። ከጓሮዬ በላይ የሰው ግቢ አለ፤ ከግቢዬ በታች የሰው ጣሪያ አለ። መሐሉን የያዘው ካብ ነው። ወንድማችን እነዚህ ያለ ሲሚንቶ የተደረደሩ ድንጋዮች «የገጠር አጥር» መስለው ታይተውታል። በሲሚንቶ ተለስነው ቀለም ቢቀቡ መንገዱ እንደሚያምር ጽፏል።

ካብ አጥር አይደለም። ኮረብታ ደግፎ የሚይዝ ነው። ክረምት ላይ ከኋላው ያለው አፈር ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል። ደረቅ ካብ ይህን ውሃ በየድንጋዩ መሐል እያንጠባጠበ ያወጣዋል። ነሐሴ ላይ ካብ ሥር ብትቆሙ ከስንጥቆቹ ውሃ ሲንቆረቆር ትሰማላችሁ። ያ ድምፅ ጤና ነው። ፊቱን በሲሚንቶ ከደፈናችሁት ውሃው ከኋላ ይጠራቀማል። የተጠራቀመ ውሃ ይገፋል። ግንቡ መጀመሪያ ሆዱ ይነፋል፣ ቀጥሎ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ አንድ ሌሊት ይሄዳል። ታች ያለው ጣሪያ ላይ ነው የሚሄደው። የመሬት መንሸራተት ለደሴ ሰው ወሬ አይደለም፤ ስንጥቅ ያለበት ግቢ፣ ያዘመመ ግንብ የማያውቅ ሰፈር ጥቂት ነው።

በሲሚንቶ የሚገነባ ደጋፊ ግንብም ቢሆን ቀዳዳ ይተውለታል። ጎበዝ ግንበኛ በየሜትር ተኩሉ ቱቦ ያስገባል፣ ከኋላው ጠጠር ይሞላል። ሰፈራችን ያሉ አንድ አዛውንት ግንበኛ ቱቦ የሌለው ግንብ ሲያዩ «ይኼን ሰውዬ ማን መከረው?» ይላሉ። አሁን ደግሞ ካባችሁን ድፈኑ የሚል ምክር ወጥቷል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ካቡ አላማረም ካላችሁ ሣር ይብቀልበት፤ ግን ትልቅ ዛፍ አትትከሉበት፣ ሥሩ ድንጋዩን ይፈነቅለዋል።

ስለ ቆርቆሮ ባነሳው ግማሹን እስማማለሁ። ዝጎ የተበሳ ቆርቆሮ መቀየር አለበት። ግን የዛገ ሁሉ አልተበሳም። ከውስጥ ሆኖ ቀና ብሎ ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ መቁጠር ከመንገድ ሆኖ ቀለሙን ከማየት ይበልጣል። ደግሞም ባለቀለም ስለሆነ ብቻ ጥሩ አይደለም። ወሳኙ ውፍረቱ ነው። ጌጁ ቁጥሩ ከፍ ሲል ቆርቆሮው ይሳሳል፤ 35 ጌጅ ከ28 በጣም ይቀጥናል። የደሴ በረዶ ስስ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ጣሪያው ይጎደጉዳል። ለቀለሙ ሲባል ስስ የገዛ ሰው የድሮውን ወፍራም ቆርቆሮ ሲያወርድ ያጣውን በኋላ ነው የሚያውቀው። ከተቻለ ወፍራም ይገዛ፤ ሲመታም ከግድግዳው በደንብ አልፎ ይውጣ። አዳዲስ ቤቶች ላይ ጣሪያውን ከግድግዳው ጋር እኩል ቆርጦ መተው ፋሽን ሆኗል። ያምራል፤ ግን ዝናቡ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ነው የሚወርደው።

የእንጨት ሰገነት ያላቸውን የድሮ የነጋዴ ቤቶች ሴራሚክ ይልበሱ ያለውን በአንድ ነገር ልለፈው። የደሴ ሙዚየም ያለበት ሕንፃ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ቤት ነበር። ዛሬ ቅርስ ብለን የምንጎበኘው የሰው ቤት ነበር ማለት ነው። የተጠረበ እንጨት አንዴ ከወረደ የሚመልሰው አናጢ ማግኘት ከባድ ነው። ሴራሚክ ደግሞ ነገም ገበያ ላይ አለ።

ቀለሙ። «ሰፈሩ በሙሉ አንድ ቀለም» የሚለው ሐሳብ የመጣው ከየት እንደሆነ ይገባኛል። ትልልቅ ከተሞች ላይ እያየነው ነው። ዋና መንገድ ዳር ላሉ ሕንፃዎች ተስማምቶ መቀባት ክፋት የለውም። ሰፈር ውስጥ ግን ሌላ ነው። እኛ ቤት በቁጥር አንፈልግም። ለእንግዳ አቅጣጫ ስንናገር «ከመስጊዱ አለፍ ብለህ፣ ሰማያዊ በር፣ ከጎኑ ሮዝ ግድግዳ» ነው የምንለው። የአክስቴ በር አረንጓዴ ነው። ባለቤቷ በሕይወት እያሉ ለመውሊድ ቀብተውት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቀለሙ ሲለቅ እሷም ያንኑ አረንጓዴ ፈልጋ ትቀባዋለች። በሰፈሩ ክርስቲያኑም እስላሙም ያንን በር ያውቀዋል። ልቅሶም ሠርግም በዚያ በር ነው የሚጠራው። እሱን ግራጫ አድርጉት ማለት ለእኔ ከባድ ነው። ደግሞ የዘይት ቀለም ጭቃ ግድግዳ ላይ መቀባት እንደ ሲሚንቶው ነው፤ ትንፋሹን ይዘጋዋል። አንድ ቀለም ይቀባ የሚል ትእዛዝ ቢወጣ መጀመሪያ የሚጎዱት የጭቃ ቤቶቹ ናቸው።

መስታወቱ ላይ ደግሞ ደሴንና ኮምቦልቻን አንድ አድርጎ ማየቱ ገርሞኛል። ሁለቱን የሚለየው ወደ 25 ኪሎ ሜትር መንገድ ብቻ ነው። ግን ሐረጎን ስትወርዱ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ይህ የከፍታ ልዩነት ብቻውን አራት ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይጨምራል። ደሴ ላይ ጠዋት ፀሐይ የሚያስገባ ሰፊ መስኮት በረከት ነው። ኮምቦልቻ ላይ ያው መስታወት ወደ ምዕራብ ከዞረ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ምድጃ ይሆናል። የኮምቦልቻ የድሮ ቤቶች በረንዳቸው ሰፊ የሆነው ለዚህ ነው። ጥላ ነው። ሰው ምሳውን በልቶ እዚያ ይቀመጣል። ጽሑፉ በረንዳን «ቦታ የሚያባክን» ብሎ ነጥብ ቀንሶበታል። መስታወት ለበሱ ሕንፃ ግን 9 አግኝቷል። ከነዋሪዎቹ አንዱን «ከሰዓት እንዴት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ነጥቡ ይለወጥ ነበር።

ከሁሉም ያሳዘነኝ «ሰዉ ለቤቱ ግድ የለውም» የሚለው ነው። ጽሑፉ የሚጀምረው በአይጠየፍ አዳራሽ ፎቶ ነው። ያንን አዳራሽ ንጉሥ ሚካኤል ሲያሠሩት ስሙ የተሰጠው ድሃውም ሀብታሙም ሳይናቅ የሚበላበት ግብር ቤት ስለሆነ ነው። እንደዚያ ካለ አዳራሽ ጀምሮ ወደ ሰው ግድ የለሽነት መድረስ አልነበረበትም።

ነጥብ ካነሳቸው ቤቶች ውስጥ ቢያንስ አራቱ የቀበሌ ቤት መሆናቸውን አውቃለሁ። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ እነዚህ ቤቶች ውስጥ የሚኖረው ተከራይ ነው። ግድግዳ ለማፍረስ፣ ክፍል ለመጨመር፣ አንዳንዴ ጣሪያ ለመቀየርም ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃዱ ሲዘገይ ዝናቡ አይጠብቅም። ያገኘውን ላስቲክ ይወጥራል። ጸሐፊው ላስቲኩን አይቶ 1 ነጥብ ሰጠ። የግል ይዞታ ያለውም ቢሆን «መንገድ ይወጣበታል» የሚል ወሬ ከሰማ ገንዘቡን ግድግዳ ላይ አያፈስም። ለሚፈርስ ቤት ማን ሴራሚክ ይገዛል?

ደግሞስ ደሴ እኮ ግድ በሌለው ሰው የቆመች ከተማ አይደለችም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ተቀጣጣይ ቦምብ ጥለው ብዙ የሣር ቤት አቃጥለዋል። ሰው ተመልሶ ሠራ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ጊዜ ስንቱ ቤቱን ዘግቶ በእግሩ ወጣ? ሲመለስ በሩ ተገንጥሎ፣ ዕቃው ተወስዶ ነው ያገኘው። በዚያን ጊዜ አክስቴ መጀመሪያ ያደረገችው በሩን ማሰራት ነበር። ከዚያ አረንጓዴ ቀለም ስትፈልግ ሰነበተች። ያ ዓመት የልስኑ ዓመት ነበር፤ በጥቅምቱ ሳይለሰን ቀረ። ታኅሣሥ ላይ ለሰንነው።

ወንድማችን ልክ የሆነባቸው ነገሮች አሉ። አምድ ላይ ለወደፊቱ ፎቅ ተብሎ የተተወው ፌሮ ለዓመታት ሰማይ ሰማይ ሲያይ ይኖራል፤ ዝጎ ጉልበቱን ይጨርሳል፤ ቢያንስ በሲሚንቶ ሊሸፈን ይገባል። አጥር ጫፍ ላይ የሚተከለው የተሰበረ ጠርሙስም ልጅ ያቆስላል፤ ይቅር። ከሱቁ ፊት የሚበልጡት ማስታወቂያዎችም ቤቶቹን ውጠዋቸዋል። እነዚህን በማንሳቱ አመሰግነዋለሁ።

የአክስቴን ቤት በተመለከተም ሊቀንስበት የሚገባ አንድ እውነተኛ ነገር ነበር። ቤቷ አሸንዳ የላትም። የጣሪያው ውሃ በኋላ በኩል ከካቡ ራስ ላይ ይወርዳል፤ በየክረምቱ አፈሩን ትንሽ ትንሽ እያጠበ ነው። ይህ ከቀለሙም ከመላጡም የባሰ ነው። ጽሑፉ አላየውም፤ ከመንገድ አይታይም። እኛም ማድረግ ከሚገባን ዘግይተናል። ቆርቆሮው ተገዝቷል፤ ቆርቆሮ አጣፊው ልኩን ወስዷል። በልጉ ረገብ ሲል፣ ሰኔ ሳይገባ እንሰቅለዋለን።